ፍሪዘሩ እንዳይጠገን

ረቡዕ፣ ለጉባኤው 42 ቀን ሲቀር

ይህን ደብተር የከፈትኩት የቤተ ሙከራው መዝገብ ለማይቀበላቸው ነገሮች ነው። መዝገቡ ክብደት፣ ሰዓትና የሙቀት መጠን ይቀበላል። ጎረቤቴ ትናንት ሜትር ይዘው የቤተ ሙከራ ክፍሌን ግድግዳ ሲለኩ ማግኘቴን ግን የት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጎረቤቴ የአፈር ጥናት ፕሮፌሰር ናቸው። የናሙና ከረጢቶቻቸው ክፍላቸውን ሞልተው ወደ መተላለፊያው መውጣት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የምርምር ጉባኤው ተሰብስቦ የእኔ ሥራ ይቀጥል ወይስ ክፍሉ ለእሳቸው ይሰጥ የሚለውን ይወስናል። «አይጨነቁ፣ ለመደርደሪያ ያህል ነው» አሉኝ ሜትሩን እየጠቀለሉ።

ጉዳዩን ለራሴ በግልጽ ላስቀምጥ። ሰባተኛው ዙር የምለው አንድ ናሙና አለኝ። የፖሊመር ዱቄት በውሃ አሟሙቼ፣ ሌሊት በፍሪዘር እያቀዘቀዝኩ ቀን እያቀለጥኩ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ የሠራሁት እንደ ስፖንጅ ያለ ጄል ነው። ሲጨመቅ ውሃውን ይተፋል፤ ሲለቀቅ በአራት ሰከንድ መልሶ ጠጥቶ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። የታሰበው ለተቃጠለ ቆዳ መሸፈኛ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ ቁስል ላይ አይጣበቅም። ጉባኤው የሚፈልገው ይህንኑ የሚመስል ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ናሙና ነው። አስቸጋሪ አይደለም። አሠራሩ ተጽፏል።

ሌላ መልካም ነገር፦ ሲያቃስት የከረመው ፍሪዘር ዛሬ ተጠገነ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌበት ነበር። የጥገና ባለሙያው ጠዋት መጥተው እስከ ቀትር ሠሩ። ስለ ማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ ብዙ ነገሩኝ፤ እኔ የመለያ ቁጥሩን እየገለበጥኩ ስለነበር አልመዘገብኩትም። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ባለሙያው ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም እጃቸውን ይታጠባሉ። ያልተለመደ ነው።

ዓርብ፣ 40 ቀን

ስምንተኛው ዙር ወጣ። ጠንካራ። ሲጨመቅ ውሃ አይሰጥም። የእኔ ስህተት መሆን አለበት። ምናልባት በደንብ አላማሰልኩትም።

ሰኞ፣ 37 ቀን

ዘጠነኛውም ጠንካራ ነው። ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ታላቅ እህቴ በሆስፒታሉ የቃጠሎ ክፍል ነርስ ናት፤ አብረን እንኖራለን። በሁለት ጣቷ ይዛ አገላበጠችው፣ ጨመቀችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን በእርሳስ የጻፍኩትን ዝርዝር ፈተገችበት። ጽሑፉ ጠፋ።

«ይሄ ላጲስ ነው» አለች። «ሠርቷል እኮ።»

«እትዬ፣ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ዛሬ ጠዋት ክንዱ የተቃጠለውን የዳቦ ጋጋሪ ፋሻ ስናላቅቅ ነበር። ደርቆ ይጣበቅበታል። ላለመጮህ ይዘፍናል። ዛሬ ሦስት ዘፈን ጨረሰ፣ ሦስቱንም ከነአዝማቹ። ስፖንጅሽ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አሠራሩ ተጽፏል» አልኳት።

ሐሙስ፣ 34 ቀን

አሥረኛው። ያው ነው። ውሃውን ቀየርኩ፣ ማማሰያውን ቀየርኩ፣ የፖሊመሩን ከረጢት ቀየርኩ። ያልቀየርኩት ራሴን ብቻ ነው።

ለጥንቃቄ ያህል ባለሙያውን አስጠራሁ። የበሩን ጎማ አዩ፣ ጆሯቸውን የፍሪዘሩ ጎን ላይ ለጥፈው አዳመጡ። «እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ምን አደረገዎት?» አሉኝ። ምንም እንዳላደረገኝ ገለጽኩላቸው። በቦርሳቸው ውስጥ መፍቻዎቹ ሁሉ በቁመት ተራ ተደርድረዋል። ይህን የምጽፈው ለሙያ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ነው። አርባ ደቂቃ ቆዩ።

ሰኞ፣ 30 ቀን

አሥራ አንደኛው። ያው።

ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ ብቅ ብለው «ዶክተር፣ ያ እንቢ ያለዎት ጄል ይተርፍዎታል?» አሉኝ። አፈር ውስጥ ውሃ እንዲይዝ ሊሞክሩት መስሎኝ፣ ይህም ከሚታወቁት አገልግሎቶቹ አንዱ ስለሆነ፣ ደስ ብሎኝ ሁለት ሰጠኋቸው። ከቀትር በኋላ ቢሯቸው ስገባ ሁለቱም የጠረጴዛቸው እግር ሥር ናቸው።

«ስንት ዓመት ሲንገዳገድ የነበረ ጠረጴዛ፣ ይኸው ረጋ» አሉ። ፊቴን አይተው ጨመሩ፦ «እርስዎም ረጋ ይበሉ።»

«የእኔ ችግር ሁሉም ነገር ከመጠን በላይ መርጋቱ ነው።»

ሳቁ። ቀልድ አልነበረም።

ለእህቴ ስነግራት «አንቺ እኮ ከጄልሽ ቀድመሽ ነው የረጋሽው» አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው «ረጋ ያለች» ሲለኝ እንደ ምስጋና ስቀበለው ኖሬያለሁ። ምን ለማለት ፈልገው እንደነበር አንዳቸውንም አልጠየቅኩም።

ረቡዕ፣ 28 ቀን

ዲኑ አስጠሩኝ። አስተምረውኛል፤ እስከ ዛሬም እንደ ተማሪያቸው ነው የሚያዩኝ።

«ሰባተኛውን ይዘሽ ግቢ» አሉ። «ጭመቂው፣ ልቀቂው፣ ውሃውን ሲጠጣ አባላቱ ይዩ። ስምንተኛው የት አለ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።»

«ፕሮፌሰሩስ?»

«እሱ የሚያየው ግድግዳውን ነው።»

እንደማስብበት ነገርኳቸው። የሚያሳፍረው ይህን ያልኩት ከልቤ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ፣ 25 ቀን

የዲኑን ምክር አሥራ አንድ ደቂቃ አሰብኩበት። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ሰባተኛው እውነተኛ ነው፤ በእጄ ይዤዋለሁ፤ አልዋሽም። እንዴት እንደተሠራ አላውቅም ማለት ግን አልሠራሁትም ከማለት በምን ይለያል? እዚህ ላይ አቆምኩ።

ዳቦ ጋጋሪው ዛሬ አራት ዘፈን ዘፍኗል። አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ሰኞ፣ 23 ቀን

አሥራ ሁለተኛውም ላጲስ ሆነ። ባለሙያውን ለሦስተኛ ጊዜ አስጠራሁ። ምክንያት፦ የፍሪዘሩ የውስጥ መብራት ደብዝዞ ስለታየኝ። አምፖሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፤ ሥራው ይኸው ነበር። እንደመጡ እንዳይመለሱ ሰባተኛውን አሳየኋቸው። በጣታቸው ተጫኑት፣ ለቀቁት፣ ውሃውን ሲመልስ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄን መቼ ሠሩት?»

«እርስዎ ከመጠገንዎ አሥር ቀን በፊት።»

«ከዚያ በኋላ እንቢ አለ?»

«አምስት ጊዜ።»

ጨርቁን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ዶክተር፣ ያን ዕለት ነግሬዎት ነበር እኮ። ይሄ ፍሪዘር ከአሥራ ሁለት አያልፍም ነበር።»

«የቁጥር ሰሌዳው ከዜሮ በታች ሃያ ይል ነበር። በየቀኑ መዝግቤዋለሁ።»

«ሰሌዳው የሚናገረው የታዘዘውን ነው፤ የሆነውን አይደለም። ኮምፕሬሰሩ፣ ማቀዝቀዣ ሞተሩ፣ ደክሞ ነበር። ሃያ ግባ ሲሉት ቀስ እያለ አሥራ ሁለት ይደርስና እዚያው ተቀምጦ ያቃስታል። እኔ መጥቼ አዳንኩት።» ከዚያ ዕቃ እንደሰበረ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከሚገባው በላይ ጥሩ አድርጌ ጠግኜዋለሁ መሰለኝ» አሉ።

ማክሰኞ፣ 22 ቀን

ነገሩ ግልጽ ነው። ያሳፈረኝም ግልጽ መሆኑ ነው።

የፖሊመሩ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ውሃው ለብቻው በረዶ ይሆናል። ፖሊመሩ በበረዶ ቅንጣቶቹ መካከል ወዳለው ጠባብ ቦታ ተገፍቶ ይከማቻል፤ እዚያው እርስ በርሱ ይያያዛል። በረዶው ሲቀልጥ የነበረበት ሥፍራ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ቅዝቃዜው ለዘብ ያለና ዝግተኛ ከሆነ ጥቂት ግን ትልልቅ ቅንጣቶች ያድጋሉ፤ ቀዳዳዎቹም ሰፊና የተገናኙ ስለሚሆኑ ውሃ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ቅዝቃዜው ከበረታና ከፈጠነ ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ውጤቱ የጠረጴዛ ማርጊያ ነው። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ለፈተናም አወጣዋለሁ።

አንድ ቴርሞሜትር አስገብቼ አላየሁም። ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ የምመዝን፣ በር ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነካ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት የምታበራ ቁጥር አምኜ ኖርኩ። ለጉባኤው በላክሁት የመጀመሪያ ዘገባ «ከዜሮ በታች ሃያ» ዘጠኝ ቦታ ተጽፏል። ቆጠርኩት። እንዲጠገን ሦስት ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የሁለተኛው ደብዳቤ አጻጻፍ ቆጣ ያለ ነበር።

ዓርብ፣ 19 ቀን

የፍሪዘሩ መቆጣጠሪያ ከአሥራ ስምንት ወዲህ አልመጣም አለ። ወደ ጥገና ክፍሉ ራሴ ወረድኩ። ባለሙያው አንድ ማራገቢያ ፈታተው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተዋል።

«ሃያ አንድ ዓመት ስጠግን አበላሽልኝ ያሉኝ የመጀመሪያዋ ሰው እርስዎ ነዎት።»

«አበላሹልኝ አላልኩም። አሥራ ሁለት ላይ እንዲቆም ነው የጠየቅኩት።»

«እኛ ተበላሸ የምንለው እኮ እሱኑ ነው።»

ስለ ቃጠሎው፣ ስለሚጣበቀው ፋሻ፣ ሳላስበው ስለ ዳቦ ጋጋሪውም ነገርኳቸው። ስድስት ዘፈን አልኩ። አራት ነበር፤ ለምን እንዳበዛሁት አላውቅም። መፍቻቸውን አስቀመጡ። ሙቀቱን ለብቻው የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ሊገጥሙ ለሐሙስ ቀጠሩኝ። ፍሪዘሩን ማለቴ ነው።

ሐሙስ፣ 13 ቀን

ባለሙያው በሦስት ሰዓት መጣ። ገጠማውን በአንድ ሰዓት ጨረሰ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን ስናነብ ዋልን። አንድ ሰው ሊሠራው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ተመልካች ያለው ንባብ ይበልጥ የታመነ ነው። ይህ የታወቀ ነው።

በንባብ መካከል በረዶው ምን እንደሚያደርግልኝ ጠየቁኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አብራራሁ፤ ሰሌዳ ላይም ሣልኩ። አዳምጠው ሲጨርሱ፣

«በረዶው ቤት ይሠራል፣ በሮቹን ክፍት ይተዋል፣ ከዚያ ይሄዳል ማለት ነው» አሉ።

ትክክል ነው። ከእኔ ማብራሪያ በአሥራ አራት ደቂቃ ያጥራል።

በስምንት ሰዓት እህቴ ደወለች። «ምሳ አትበዪም? ምን ትሠሪያለሽ?»

«የሙቀት መጠን እየለካን ነው።»

«የማንን?»

የስልኬ ድምፅ ከሚገባው በላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ማስተካከል አለብኝ። ባለሙያው ቴርሞሜትሩን በከፍተኛ ትኩረት እየተመለከቱ ነበር። የመጨረሻው ንባብ፦ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።

እሑድ፣ 10 ቀን

አሥራ ሦስተኛው ትናንት ወጣ። አራት ሰከንድ ተኩል። ዓይኔን አላመንኩምና አምስት ጊዜ ደገምኩት።

ቤት ወሰድኩት። እህቴ አልቀለደችም። ጨመቀችው፣ ለቀቀችው፣ የእጇ ጀርባ ላይ አኖረችው፣ ጥቂት ጠብቃ በአንድ ጫፍ ይዛ አነሳችው። ደግማ አኖረችው፣ ደግማ አነሳችው።

«ምንም አይዝም» አለች።

ከጀርም የጸዳ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የቆዳ ሙከራ፣ ፈቃድ፤ ከዓመት በላይ እንደሚፈጅ፣ ለዳቦ ጋጋሪው እንደማይደርስለት ነገርኳት።

«እሱማ በሚቀጥለው ወር ቤቱ ይገባል» አለች። «የሚዘፍን ሌላ ሰው አይጠፋም።» ከዚያም ናሙናውን ከእጇ ሳትለቅ ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች። ማስመለስ ነበረብኝ፤ የተመዘገበ ናሙና ነው። አላስመለስኩም።

እርማት፦ የሐሙስን ጽሑፍ ሳነብ «መጣ»፣ «ጨረሰ» የሚሉ ቃላት አገኘሁ። መሆን የነበረበት «መጡ»፣ «ጨረሱ» ነው። ከድካም የመጣ የሰዋስው ስህተት ነው።

ማክሰኞ፣ 8 ቀን

አሥራ አራተኛው፦ አራት ሰከንድ። በምሳ ሰዓት ወደ ጥገና ክፍሉ ወርጄ ውጤቱን ነገርኳቸው። በስልክ መንገር ይቻል ነበር።

ዓርብ፣ 5 ቀን

አሥራ አምስተኛው ከሸፈ። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። መዝገቡ ላይ «ከሸፈ» ብዬ ጻፍኩ። «አይቆጠርም» ብዬ ለመጻፍ እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።

ማክሰኞ፣ 1 ቀን

አሥራ ስድስተኛው ጥሩ ነው። ከአራት ሦስት።

ዲኑ ጽሑፌን አነበቡ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። እርማቱ ነው፤ ዘጠኙም ቦታ፣ የስህተቱ ምክንያትም፣ አለመለካቴም።

«ይሄን ገጽ አውጪው። ውጤቱ በእጅሽ ነው። ጥፋትሽን ማን ጠየቀሽ?»

«ገጹ ከወጣ ሌላ ሰው ሲሠራው ላጲስ ነው የሚያገኘው።»

«ሌላው ሰው ፕሮፌሰሩ አይደለም። ነገ ፊት ለፊትሽ የሚቀመጠው ግን እሱ ነው።»

ገጹ እንዳለ ነው። ሸሚዝ ተኮስኩ። ሁለት ጊዜ።

ረቡዕ፣ የጉባኤው ቀን

አልቋል። በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ሰብሳቢዋ እንድጀምር ፈቀዱ። በእርማቱ ጀመርኩ። ዲኑ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ዘጠኙን ቦታ አነበብኩ፤ ድምፄ ሁለተኛው ላይ ደከመ፣ አምስተኛው ላይ ተመለሰ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሱ።

«ስለዚህ ግኝትዎ የተበላሸ ፍሪዘር ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ግን ረጅም ነበር። ያዘጋጀሁት መልስ ገጽ አራት ላይ ነበር፤ ገጹን አጣሁት።

«ያኔ የተበላሸ መሆኑን አላወቅኩም» አልኩ። «ስላልለካሁት ነው። ከጠፋብኝ በኋላ ግን አውቄ፣ ለክቼ፣ ደግሜ አገኘሁት። ከአራት ሦስት ጊዜ። አራተኛው ከሽፏል፤ እሱም ተጽፏል።»

ከዚያ ናሙናዎቹን አዞርኩ። አንድ አባል በረዶው በትክክል ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ሰሌዳ ላይ የምሥለውን ትቼ «ቤት ይሠራል፣ በሮቹን ክፍት ይተዋል፣ ይሄዳል» አልኩ። ወዲያው ገባቸው። አገላለጹ የእኔ እንዳልሆነ፣ የጥገና ባለሙያው እንደሆነም ተናገርኩ፤ ምንጭ መጥቀስ ግዴታ ነው። ሰብሳቢዋ ፈገግ አሉ። የሚያስፈግግ ነገር አልታየኝም።

ውሳኔ፦ ክፍሉ ለአንድ ዓመት ይጸናልኛል። ለፕሮፌሰሩ የመተላለፊያው ግማሽ ተሰጠ። ፍሪዘሩ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲጠበቅ፣ ለዚህም ለጥገና ክፍሉ ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝኩ።

ደረጃው ላይ ፕሮፌሰሩ ጠበቁኝ። «ዘጠኝ ቦታ አረሙ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ ያ ቁጥር አላማረኝም ብዬ ሁለት ቦታ አስምሬበት ነበር። ልጠይቅዎት ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት» አሉ፣ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላል። «እርስዎ ቀደሙኝ።»

ቤት ስደርስ እህቴ በሩ ላይ ነበረች። አቀፈችኝ። ሸሚዜ ተጨማደደ፤ ተውኩት።

ሐሙስ

ደብዳቤው ተላከ። አጭርና ግልጽ ነው፦ «ማንኛውም የጥገና ሠራተኛ ፍሪዘሩን እንዳይጠግን፣ እንዳይነካ፣ ወደ ክፍሉም እንዳይገባ።» በምርምር ሕይወቴ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ያልተብራራ ነገር የሌለበት ይህ ነው።

ዓርብ

ባለሙያው በመተላለፊያው ሲያልፉ አየኋቸው። ቦርሳቸውን ይዘዋል። በሩ ክፍት ነበር። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ የጫማቸው ጫፍ መስመሩን አላለፈም።

«ውጤቱን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት» አሉ ከዚያው ሆነው።

«ይግቡ እንጂ።»

«ደብዳቤ አለብን። ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል፤ አለቃችን ነው የለጠፈው። ማንም እንዳይገባ ይላል።» ፊታቸው ላይ አንዳችም ነገር አይነበብም ነበር። «በጣም ግልጽ ደብዳቤ ነው።»

ሄዱ። የደብዳቤውን ቅጂ አውጥቼ ከምሳ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰዋስዉ ትክክል ነው። ከሳይንስ አንጻር ሲታይ ግን ከባድ ጉድለት አለበት። ቴርሞስታት ከጊዜ ብዛት ይዛባል። ማሽን ያለ ክትትል አይታመንም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ንባብም በሁለት ተመልካች ካልሆነ ሙሉ አይደለም።

ወደ ዲኑ ጸሐፊ ሄጄ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩልኝ ጠየቅኩ፦ ፍሪዘሩን የገጠሙት ባለሙያ በየስድስት ወሩ እየመጡ እንዲመረምሩት። ጽፈው ሳይጨርሱ «በየወሩ» እንዲሉት አደረግኩ። አትመው ሲሰጡኝ አንብቤ መለስኩላቸውና «በየሳምንቱ» አልኩ።

ጸሐፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ወረቀቱን እንደገና አስገቡ።

«ዶክተር፣ ሌላ ወረቀት እንዳላባክን ነው እንጂ» አሉ፤ «በሳምንት አንዴ ይበቃል?»

ጥያቄው ተገቢ ስለነበር አሰብኩበት።

«ለጊዜው ይበቃል» አልኳቸው።